የአሮጌ መኪና ካንዴላ፦ አመራረጥና አገጣጠም

«ጋሼ፣ የትኛው ካንዴላ ነው ጥሩው?» የሚለው ጥያቄ አዳማ ውስጥ አሮጌ መኪና ከሚነዱ ጎረቤቶቼና ወዳጆቼ በተደጋጋሚ ስለሚቀርብልኝ፣ መልሱን አንድ ጊዜ በሥርዓቱ ጽፎ ማስቀመጡን መረጥሁ። ካንዴላ በሲሊንደሩ ውስጥ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥል ዕቃ ነው። ጠያቂው ብዙውን ጊዜ የሚጠብቀው የአንድ ፋብሪካ ስም ነው፤ ሞተሩ የሚፈልገው ግን ቁጥር ነው። ርዝመቱና የሙቀት ቁጥሩ ለሞተሩ የተመደበ ተራ ካንዴላ፣ ቁጥሩ የማይገጥም ውድ ካንዴላ የማይሠራውን ሥራ ይሠራል። ቁጥሩ ከተገኘ በኋላ የሚቀረው ዋና ነገር የቴስታታውን፣ ማለትም ካንዴላው የሚታሰርበትን የሞተሩን የላይኛ ክፍል፣ ጥርስ ሳይጎዱ ካንዴላውን ማስገባት ነው።

መመሪያው ዲስትሪቢዩተር (ኮረንቲውን ለየካንዴላው የሚያከፋፍል ዕቃ) እና የካንዴላ ገመድ ላላቸው ባለ አራት ሲሊንደር የቤንዚን መኪኖች፣ ማለትም እንደ ቀድሞዎቹ ኮሮላዎች፣ እንደ ላዳና እንደ ቮልስዋገን ላሉት የተጻፈ ነው። የናፍጣ ሞተር ነዳጁን የሚያቃጥለው አየሩን አምቆ በሚፈጥረው ሙቀት እንጂ በእሳት ብልጭታ ስላልሆነ መመሪያው አይመለከተውም።

ተራውን የኒኬል ካንዴላ በየ10 ሺህ ኪሎ ሜትሩ አውጥቶ ማየት፣ በ20 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ደግሞ አራቱንም መቀየር ተገቢ ነው። ብልጭታው የሚዘልባቸው የሁለቱ ኤሌክትሮዶች ጠርዝ እየተበላ በሄደ ቁጥር በመካከላቸው ያለው ክፍተት ስለሚሰፋ ብልጭታው ለመዝለል ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይፈልጋል፤ ይህም ሸክም ቮልቴጁን ከፍ በሚያደርገው ቦቢና፣ በዲስትሪቢዩተሩ ክዳንና በገመዶቹ ላይ ያርፋል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ለሞተሩ የተመደቡ አራት አዳዲስ ካንዴላዎች።
- ውስጡ ላስቲክ ያለው የካንዴላ ቁልፍ። የቆዩት ካንዴላዎች አብዛኞቹ ቁጥር 21፣ ቀጠን ያሉት ደግሞ ቁጥር 16 ይወስዳሉ። ላስቲኩ ካንዴላውን ይዞ ስለሚያወጣና ነጩን ሸክላ ከመሰንጠቅ ስለሚጠብቅ፣ ላስቲኩ የወለቀ ቁልፍ አይጠቀሙ።
- ማስረዘሚያ ዘንግ፣ ካለም ቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ቁልፍ)።
- የክፍተት መለኪያ፤ የሽቦ ዓይነቱ ከስስ ብረቱ ይልቅ ይመረጣል።
- አንድ ስንዝር ያህል የነዳጅ ጎማ ቱቦ፣ በካንዴላው ራስ ላይ ጠበቅ ብሎ የሚገባ።
- የብስክሌት ፓምፕ ወይም የጎሚስታ አየር፣ የቀለም መቀቢያ ቀጭን ብሩሽ፣ ንጹሕ ጨርቅ።
- የወረቀት ፕላስተርና እስክሪብቶ።
- ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት፤ የሚያስፈልገው ካንዴላው አልላቀቅ ካለ ብቻ ነው።

ከመግዛትዎ በፊት ቁጥሩን ያንብቡ

ትክክለኛው ቁጥር በመኪናው የባለቤት መጽሐፍ ወይም ከኮፈኑ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል። ሁለቱም ከጠፉ፣ በሞተሩ ብሎክ ላይ የተቀረጸውን የሞተር ዓይነት መለያ ጽፈው ወደ መለዋወጫ ሱቅ ይሂዱና ከካንዴላ ካታሎግ እንዲያወጡልዎት ይጠይቁ። «ያው አሮጌውን ይዤ ሄጄ የሚመስለውን ገዛሁ» የሚለው መንገድ አስተማማኝ አይደለም፤ ሠላሳ ዓመት በብዙ እጅ ባለፈ መኪና ላይ የተገኘው ካንዴላ ራሱ የተሳሳተ ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ የሚታየው የጥርሱ ስፋትና ርዝመት ነው። በእነዚህ መኪኖች ላይ ስፋቱ በአብዛኛው 14 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አያሳስትም፤ የሚያሳስተው ርዝመቱ ነው። ኮሮላና ላዳ 19 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለውን ሲወስዱ፣ አየር የሚያቀዘቅዘው የቀድሞው ቮልስዋገን ግን 12.7 ሚሊ ሜትሩን ይወስዳል፤ ስፋታቸው አንድ ስለሆነ አንዱ በሌላው ቦታ ያለ ችግር ይገባል። ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ጫፉ ወደ ማቃጠያው ክፍል ገብቶ ፒስተኑን ወይም ቫልቩን ሊመታ ይችላል፤ ባይመታ እንኳ ወደ ውስጥ የወጣው ጥርስ ግሎ ቤንዚኑን ከጊዜው በፊት ያቀጣጥላል፤ ካርቦን ከያዘ በኋላ ደግሞ ሲፈታ የቴስታታውን ጥርስ ይዞ ይወጣል። አጭሩ በረጅሙ ቦታ ሲገባ ብልጭታው ጉድጓድ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል፤ ባዶ የቀረው ጥርስም በካርቦን ስለሚሞላ በኋላ ትክክለኛው ካንዴላ አልገባም ይላል።

ቀጥሎ የሙቀት ቁጥሩ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የካንዴላው ጫፍ ካርቦኑን ራሱ እያቃጠለ እንዲያጸዳ ከ450 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ መሞቅ አለበት፤ ወደ 850 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ ግን ያለ ብልጭታ ማቀጣጠል ይጀምራል። ሙቀቱን ወደ ቴስታታው ፈጥኖ የሚያስተላልፈው «ቀዝቃዛ»፣ ቀስ ብሎ የሚያስተላልፈው ደግሞ «ሙቅ» ካንዴላ ይባላል። ችግሩ ፋብሪካዎቹ ቁጥሩን የሚያስኬዱት በተቃራኒ አቅጣጫ መሆኑ ነው፦ በኤንጂኬና በዴንሶ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ቀዝቃዛ ይሆናል፤ በቦሽና በቻምፒዮን ግን ቁጥሩ ሲጨምር ሙቅ ይሆናል። የኤንጂኬ «ቢፒአር6ኢኤስ»፣ የዴንሶ «ደብልዩ20ኢፒአር-ዩ»፣ የቦሽ «ደብልዩአር7ዲሲ» እና የቻምፒዮን «አርኤን9ዋይሲ» አንዱ የሌላው ምትክ ናቸው፤ 6፣ 20፣ 7 እና 9 የሚሉት ቁጥሮች ግን በዓይን ሲታዩ ምንም አይገናኙም። ስለዚህ ፋብሪካ ሲቀይሩ ቁጥርን በቁጥር አያወዳድሩ፤ በማወዳደሪያ ሠንጠረዥ ብቻ ይግዙ።

የተቀሩትን ፊደላት ለማንበብ ኤንጂኬን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። የመጀመሪያው «ቢ» 14 ሚሊ ሜትር ጥርስና የ21 ቁልፍን፣ «ቢሲ» ከሆነ ደግሞ የ16 ቁልፍን ያመለክታል። «ፒ» ነጩ ሸክላ ወደ ፊት የወጣ መሆኑን፣ «አር» የሬዲዮ ጩኸትን የሚቀንስ መከላከያ በውስጡ መኖሩን ይናገራሉ። ከቁጥሩ በኋላ ያለው «ኢ» 19 ሚሊ ሜትር፣ «ኤች» 12.7 ሚሊ ሜትር ርዝመት ነው። መጨረሻ ላይ «11» ካለ ክፍተቱ 1.1 ሚሊ ሜትር ተደርጎ የመጣ ነው።

«አዳማ ሙቀት ስለሆነ አንድ ቁጥር ቀዝቃዛ ልግዛ?» የሚለው ጥያቄም ይደጋገማል። አይግዙ። ካንዴላው የሚለካው በማቃጠያው ክፍል ሙቀት ነው፤ ከውጭ ያለው አየር በአሥር ዲግሪ ቢጨምር እዚያ ውስጥ ለውጡ ከቁም ነገር አይገባም። እንዲያውም ከቤት ገበያ፣ ከገበያ ትምህርት ቤት እየተባለ በአጭር ርቀት በሚነዳ መኪና ላይ ቀዝቃዛው ካንዴላ ራሱን የሚያጸዳበት ሙቀት ላይ ሳይደርስ በጥላሸት ይደፈናል። ወደ አዲስ አበባ አዘውትረው የሚወጡ ሰዎች ሌላ ነገር ሊያስተውሉ ይገባል፦ አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ስትሆን አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ከአየሩ አንጻር ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላውም ይጠቁራል። መፍትሔው የካርቡሬተሩን መጠን ማስተካከል እንጂ ካንዴላ መቀየር አይደለም።

አስመስለው የተሠሩ ካንዴላዎች ገበያው ላይ ስላሉ ከመክፈልዎ በፊት አንዱን ከካርቶኑ አውጥተው ይዩ። በሸክላው ላይ ያለው ጽሑፍ በጥፍር ሲፋቅ መልቀቅ የለበትም፤ የጎኑ ኤሌክትሮድ ከመካከለኛው ትክክል በላይ መቆም አለበት፤ ጥርሱ ለስላሳ፣ ከጥርሱ በላይ ያለው የብረት ቀለበት (ሮንዴላው) ሲገለበጥ የማይወድቅ መሆን አለበት። ሱቁ ሙልቲሜትር ካለው፣ «አር» የተጻፈበትን ካንዴላ ከራሱ እስከ መካከለኛው ኤሌክትሮድ ሲለኩት በጥቂት ሺህ ኦኸም፣ አብዛኛውን ጊዜ በ5 ሺህ አካባቢ ማንበብ አለበት። ዜሮ ካነበበ ፊደሉ ለጌጥ የተጻፈ ነው።

ማስጠንቀቂያ

ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ የካንዴላ ገመድ አይንኩ፤ በውስጡ የሚያልፈው በብዙ ሺህ የሚቆጠር ቮልት ነው፣ የልብ ሕመም ላለበት ሰውም አደገኛ ነው። ካንዴላዎቹ ወጥተው ሳለ ሞተሩን በማስነሻ ቁልፍ አያዙሩ፤ ከቀዳዳው የሚረጭ የቤንዚን ትነት በአቅራቢያው ባለ ብልጭታ ሊያያዝ ይችላል። በኤሌክትሪክ የሚሽከረከር ማራገቢያ ሞተሩ ጠፍቶም ሊነሳ ስለሚችል የባትሪውን ኔጋቲቭ ይፍቱ።

አሠራር

1. ሞተሩ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ። አመቺው ጊዜ መኪናው ካደረ በኋላ ጠዋት ነው። ቴስታታው አሉሚኒየም፣ የካንዴላው አካል ብረት ስለሆነ ሲሞቁ እኩል አይለጠጡም፤ ትኩስ ቴስታታ ጥርሱ በቀላሉ ይላጣል። እኔ ከዓመታት በፊት ቸኩዬ ከጉዞ መልስ የፈታሁት ካንዴላ የቴስታታውን ጥርስ ጠምጥሞ ወጣ፤ ለማዳን የፈለግሁት ግማሽ ሰዓት ቴስታታውን አስወርዶ አዲስ ጥርስ አስከተተኝ።

2. ገመዶቹን ሳይነቅሉ ምልክት ያድርጉባቸው። በእያንዳንዱ ላይ ከ1 እስከ 4 የተጻፈበት ፕላስተር ይለጥፉ። ገመድ ከተቀያየረ ሞተሩ አይነሳም ወይም በካርቡሬተሩ በኩል ይተኩሳል። ምልክቱ ቢጠፋብዎ የኮሮላና የላዳ የእሳት ቅደም ተከተል 1-3-4-2፣ የቮልስዋገን ደግሞ 1-4-3-2 መሆኑን ያስታውሱ።

3. አንዱን ገመድ ብቻ ይንቀሉ። የሚይዙት ላስቲክ ቆቡን ነው፤ ግራና ቀኝ ትንሽ ጠምዝዘው ካላቀቁ በኋላ ቀጥ አድርገው ይሳቡት። ገመዱን ራሱን ከሳቡት በውስጡ ያለው ካርቦን ይበጠስና ገመዱ ከላይ ደህና መስሎ ከውስጥ የሞተ ይሆናል።

4. የካንዴላውን ዙሪያ ያጽዱ። ይህን ደረጃ የሚዘሉት ብዙዎች ናቸው፤ ለአዳማ ግን ዋናው እሱ ነው። ከከተማው ዳር ባሉት ኮረብቶች ላይ የቆሙትን የነፋስ ተርባይኖች የሚያዞረው ነፋስ በኮፈኑ ሥርም አቧራ ይሞላል፤ ካንዴላው ሲወጣ ያ አቧራና ጠጠር በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ይወድቃል፣ የፒስተኑን ቀለበቶች (ፋሻዎቹን) እና የሲሊንደሩን ግድግዳም ይፍቃል። በብሩሽ አላቅቀው በአየር ይንፉ፤ ዓይንዎን ይጠብቁ። የጎሚስታ አየር ከሆነ ውኃ እንዳይረጭ መጀመሪያ ወደ ጎን ይልቀቁት።

5. ካንዴላውን ሩብ ዙር ብቻ ይፍቱና አንድ ጊዜ ደግመው ይንፉ፤ በሮንዴላው ሥር የተቀመጠው ቆሻሻ የሚላቀቀው አሁን ነው። ከዚያ እስከ መጨረሻ ይፍቱት። መሐል ላይ ከጠነከረ በኃይል አይግፉት፤ ጥቂት ዝገት አላቃቂ ዘይት አንጠባጥበው ከቆዩ በኋላ ግማሽ ዙር ወደ ኋላ፣ ግማሽ ዙር ወደ ፊት እያሉ ያውጡት።

6. አሮጌዎቹን በሲሊንደራቸው ቅደም ተከተል ካርቶን ላይ ደርድረው ጫፋቸውን ያንብቡ። ቡና ወተት የመሰለ ወይም ግራጫ ቀለም ጤናማ ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ቤንዚን መብዛቱን፣ ያልተከፈተ አየር መዝጊያን ወይም የተደፈነ የአየር ማጣሪያን ያሳያል። እርጥብና የሚያብረቀርቅ ጥቁር ዘይት ከሆነ ፋሻው ወይም የቫልቭ ጎማው አልቋል፤ ይህን አዲስ ካንዴላ አይፈውሰውም። ነጭ ሆኖ የፈላ የሚመስል ጫፍ ካዩ ሞተሩ ቤንዚን አንሶታል፣ ብልጭታው ከጊዜው ቀድሟል ወይም ካንዴላው ከሚገባው በላይ ሙቅ ነው፤ ምክንያቱን ሳያገኙ ረጅም መንገድ አይውጡበት። ሦስቱ አንድ ዓይነት ሆነው አንዱ ብቻ ከተለየ ችግሩ የዚያ ሲሊንደር ወይም የዚያ ገመድ ነው፤ በቅደም ተከተል መደርደሩ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው።

7. የአዲሶቹን ክፍተት ይለኩ። «ከፋብሪካ ተስተካክሎ መጥቷል» ተብሎ አይታለፍም፤ አንድ ዓይነት ካንዴላ ለአራት አምስት ዓይነት ሞተር ያገለግላል፣ በመንገድም ይወድቃል። ፑንቲና (በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ የሚከፈትና የሚዘጋ መገናኛ) ያለው ላዳ ከ0.5 እስከ 0.6 ሚሊ ሜትር፣ ኤሌክትሮኒክ የሆነው ከ0.7 እስከ 0.8፣ ቮልስዋገን ከ0.6 እስከ 0.7 ይወስዳል፤ ለኮሮላ የሞተሩን መጽሐፍ ይከተሉ። ክፍተቱ ከሰፋ፣ ዳገት ላይ እግርዎን ሲጫኑ ብልጭታው መዝለል ያቅተውና ሞተሩ ይንዘፈዘፋል፤ ከጠበበ ብልጭታው ትንሽ ስለሚሆን በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ በሚዞርበት ጊዜ፣ ይንቀጠቀጣል። ሲያስተካክሉ የሚያጥፉት የጎኑን ኤሌክትሮድ ብቻ ነው፤ የመካከለኛውን ተደግፈው ከተጫኑ ሸክላው በማይታይ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። ሲሚንቶ ላይ የወደቀ ካንዴላም በዚሁ ምክንያት አይገጠምም።

8. በእጅ ያስገቡ። የነዳጅ ጎማ ቱቦውን በካንዴላው ራስ ላይ ሰክተው ወደ ቀዳዳው ያውርዱና መጀመሪያ ወደ ግራ በቀስታ ያዙሩት፤ ጥርስ ከጥርስ ሲገናኝ ካንዴላው ትንሽ ዝቅ ሲል በጣትዎ ይሰማዎታል። ያን ጊዜ ወደ ቀኝ ይጀምሩ። ቱቦው የሚመረጠው ጉልበት ስለሌለው ነው፤ ካንዴላው ተጣሞ ከያዘ ቱቦው በካንዴላው ራስ ላይ ይንሸራተታል እንጂ አዲስ ጥርስ አይቆርጥም። ቁልፍ ግን ተጣመመ አልተጣመመ አይልም፣ ይዞት ይገባል። ቀዳዳው በማይታይበት በቮልስዋገን ላይ ይህን ካላደረጉ ሌላ መንገድ የለም ማለት ይቻላል። ሮንዴላው ቴስታታውን እስኪነካ ድረስ በጣት መግባት አለበት፤ በመንገድ ከያዘ አውጥተው ጥርሱን በጨርቅ ይጥረጉና እንደገና ይጀምሩ። አዲሱ ካንዴላ ዝገት የሚከላከል ልባስ ስላለው ጥርሱን ቅባት አይቀቡት፤ ቅባት ያንሸራትትና ሳይታወቅዎ ከልክ በላይ ያጠብቃሉ።

9. ያጥብቁ። ቶርክ ሬንች ካለዎት በመጽሐፉ የተጻፈውን ይከተሉ። 14 ሚሊ ሜትር ጥርስና ሮንዴላ ላለው ካንዴላ በአሉሚኒየም ቴስታታ ላይ ፋብሪካዎች በጥቅሉ ከ25 እስከ 30 ኒውተን ሜትር ይላሉ፤ ቶዮታ ግን ለአንዳንድ ሞተሮቹ 18 ብቻ ስለሚል የመኪናው መጽሐፍ ይቀድማል። ሬንቹ ከሌለ በጣት ከተቀመጠ በኋላ አዲሱን ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ዙር ያጥብቁ፤ ሮንዴላው ሲጨፈለቅ እጅዎ ላይ ይታወቃል። ሮንዴላው ቀድሞ የተጨፈለቀ፣ ማለትም ወጥቶ የሚመለስ ካንዴላ ከሆነ የዙር አንድ አሥራ ሁለተኛ ብቻ ይበቃል። ሮንዴላ ሳይኖረው መቀመጫው ሾጠጥ ያለ ከሆነ አንድ አሥራ ስድስተኛ ዙር ነው። የላላ ካንዴላ ሙቀቱን ወደ ቴስታታው ማስተላለፍ ስለማይችል ይግላል፣ የእመቃ ጋዝም ያስወጣል፤ የጠበቀው ጥርሱን ይልጣል። ማስረዘሚያ ቧንቧ በቁልፉ እጀታ ላይ መጨመር ፈጽሞ አያስፈልግም።

10. ገመዱን ይመልሱና ወደ ቀጣዩ ሲሊንደር ይሂዱ። ቆቡ «ቀጭ» ብሎ መቀመጥ አለበት። በላስቲኩ ላይ ስንጥቅ ወይም ኮረንቲ ያለፈበት ነጭ መስመር ካለ ገመዱን ይቀይሩ። አራቱም ሲያልቁ የባትሪውን ኔጋቲቭ መልሰው ይግጠሙ፣ ሞተሩን አስነስተው በሚኒሞ ይስሙት።

የሚዘወተሩ ስሕተቶች

አንዱን ብቻ ቀይሮ ሦስቱን አሮጌ መተው፦ የክፍተታቸው ልዩነት ሞተሩን ያልተስተካከለ ያደርገዋል፣ የቀሪዎቹም ዕድሜ ያው አብሮ ያለቀ ነው። ካንዴላን በብረት ብሩሽ መፈግፈግ ደግሞ በነጩ ሸክላ ላይ የብረት ጭረት ስለሚተው ኮረንቲው በዚያ በኩል ያመልጣል፤ በአሸዋ የሚያጸዱም ቅንጣቱ በሸክላው ሥር ተደብቆ ሲሊንደር ውስጥ እንደሚወርድ ይወቁ። ዘይት ለሚበላ አሮጌ ሞተር የኢሪዲየም ካንዴላ መግዛት ገንዘብ ከማውጣት በቀር ለውጥ አያመጣም፤ ዘይት ኢሪዲየምንም ያለብሰዋል። በዳሽቦርዱ መሳቢያ ውስጥ ከዓመታት በፊት የተረፈ «አንድ ትርፍ» ካንዴላ ካለዎትም ቁጥሩን ሳያነቡ አይጠቀሙበት።

የአሠራሩ የመጨረሻ ደረጃ

11. በመንገድ ፈትነው ደግመው ያንብቡ። በሚኒሞ ብቻ የሠራ ሞተር ካንዴላ ሁልጊዜ ይጠቁራል፤ ስለዚህ ወደ ወለንጪቲ ወይም ወደ ሶደሬ በሚወስደው መንገድ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ሜትር በተስተካከለ ፍጥነት ይንዱት፣ በሚኒሞ ሳያቆዩ ያጥፉት፣ ሲቀዘቅዝም አንዱን አውጥተው ቀለሙን ይዩ። ሲመልሱት በደረጃ 9 የተጻፈውን የተጨፈለቀ ሮንዴላ ልክ ይጠቀሙ። የዕለቱን ኪሎ ሜትርና የካንዴላውን ቁጥር በፕላስተር ጽፈው በአየር ማጣሪያው ክዳን ላይ ይለጥፉት።